የመጀመሪያውን የፕሮግራም ቋንቋ እንዴት እንምረጥ?

(ለጀማሪ ሠልጣኞችና ጀማሪዎችን ለሚያስተምሩ መምህራን)

ፕሮግራም መጻፍ ለመማር የሚነሣ ሰው ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም «በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» የሚለው ነው። አንዱን ጓደኛውን ቢጠይቅ «ፓይተንን ተማር፣ ቀላል ነው» ይለዋል። ሌላው «ሲን ሳያውቁ ፕሮግራም ዐወቅሁ ማለት ዘበት ነው» ይለዋል። ሦስተኛው ይመጣና «ሥራ የሚያስገኘው ጃቫ ነው» ብሎ የቆረጠውን ልብ መልሶ ያወላውለዋል። በዚህ ዓይነት አንዱን ሳምንት በአንዱ፣ ሌላውን ሳምንት በሌላው ያሳልፍና በመጨረሻ «ኧረ ይሄ ነገር የኔ ጭንቅላት የሚችለው አይደለም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱም በዚያው በቀረ ነበር። የመምህር ጉዳይ ግን ይለያል። መምህር የሚመርጠው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ነገ ፊቱ ለሚቀመጡት ተማሪዎች ጭምር ነው። ተማሪዎቹን ያስቸገራቸው የተመረጠላቸው ቋንቋ አጻጻፍ ሆኖ ሳለ፣ እነሱ ግን «ትምህርቱ ከአቅማችን በላይ ነው» ብለው ራሳቸውን ይጠረጥራሉ። አንድ ልጅ ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ካመነ በኋላ እምነቱን ማስለወጥ ቋንቋውን ከማስተማር ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ምርጫው በወሬ ሳይሆን በመመዘኛ መደረግ ይኖርበታል።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የፕሮግራም ቋንቋ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም በአንድ ምሳሌ አማካይነት ቋንቋዎች በምን እንደሚለያዩ፣ በመጨረሻም መምህሩ ለምርጫው ሊጠይቃቸው የሚገባውን ጥያቄዎች እናያለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ለመሆኑ የፕሮግራም ቋንቋ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር በውስጡ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱም በ0 እና በ1 ይወከላል። ሰው ግን ትእዛዙን ሁሉ በ0 እና በ1 ሲጽፍ ቢውል ማታ ራሱ የጻፈውን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ሰው ሊያነበው የሚችል፣ ነገር ግን ሁለት ትርጉም የሌለው አጻጻፍ አስፈለገ። የፕሮግራም ቋንቋ የሚባለው ይኸው ነው። ጽሑፉን ወደ ማሽኑ ምልክት የሚለውጠው ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰውን «እስቲ ያንን ነገር አቀብለኝ» ብንለው ዐይናችንን ተከትሎ ያቀብለናል። ኮምፒዩተር ግን «ያንን» አያውቅም፤ የተባለውን እንጂ ሊባል የታሰበውን አይሠራም። እንግዲህ ፕሮግራም መማር ማለት በዋነኛነት ሐሳብን ሳያጎድሉና ሳያምታቱ በቅደም ተከተል መግለጽን መማር ማለት ነው።

ቋንቋዎቹ ብዙ ይሁኑ እንጂ ጀማሪ የሚማራቸው መሠረታውያን ሐሳቦች በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። እነሱም፣

ሀ) ስም መስጠት፦ አንድን ቁጥር ወይም ቃል በስም አስቀምጦ በኋላ በዚያው ስም መጥራት፤

ለ) ቅደም ተከተል፦ የትኛው ትእዛዝ ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል መወሰን፤

ሐ) ምርጫ፦ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፤ ካልሆነ ያንን» ማለት፤

መ) ድግግሞሽ፦ አንድን ሥራ የተወሰነ ጊዜ ወይም አንድ ነገር እስኪሟላ ድረስ ማሠራት፤

ሠ) ሥራን መከፋፈል፦ ትልቁን ሥራ ወደ ትንንሽ ሥራዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ስም ማውጣት ናቸው።

እነዚህን አምስቱን በአንድ ቋንቋ በደንብ የጨበጠ ሰው ሁለተኛውን ቋንቋ ሲማር በአብዛኛው የሚለወጥበት አጻጻፉ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ ቢለወጥበት ማንበቡ አይጠፋበትም እንደማለት ነው።

2. የመፈተኛ ምሳሌያችን

ቋንቋዎችን በስም ብቻ ከማወዳደር አንድ ሥራ ሰጥቶ መፈተን ይሻላል። ለዚህም በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ወይም «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» እየተባለ የሚጠራውን ዘዴ እንውሰድ። የጥንት ግብፃውያንም በዚሁ በማጠፍ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ማባዣ ነበራቸው። ዘዴው የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል መያዝን አይጠይቅም፤ ለሁለት መክፈል፣ እጥፍ ማድረግና መደመር ለቻለ ሰው ይበቃል።

13 ኪሎ እህል፣ አንዱ ኪሎ በ24 ብር ቢሸጥ ስንት ይሆናል? በግራ 13ን፣ በቀኝ 24ን እንጻፍ። ግራውን ለሁለት እየከፈልን ትራፊውን እንጥላለን፤ ቀኙን እጥፍ እናደርጋለን።

13 — 24
6 — 48
3 — 96
1 — 192

አሁን በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ወስደን ቀኛቸውን እንደምራለን። 6 ተጋማሽ ስለሆነ 48ን እንተወዋለን። 24 ሲደመር 96 ሲደመር 192፣ 312 ይሆናል። 13 ጊዜ 24 ም 312 ነው።

ይህንኑ ለኮምፒዩተር እንደምንነግረው አድርገን በአማርኛ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል።

1ኛ. ግራ 13 ይሁን፤ ቀኝ 24 ይሁን፤ ድምር 0 ይሁን።
2ኛ. ግራ ከ0 በላይ እስከሆነ ድረስ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን ደጋግም።
3ኛ. ግራ ጎዶሎ ከሆነ ቀኝን በድምር ላይ ጨምር።
4ኛ. ግራን ለሁለት ክፈልና ትራፊውን ጣል።
5ኛ. ቀኝን እጥፍ አድርግ።
6ኛ. ድግግሞሹ ሲያበቃ ድምርን አሳይ።

ስድስት መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን ስም መስጠት፣ ቅደም ተከተል፣ ምርጫና ድግግሞሽ አራቱም አሉበት። ጠቅላላውንም «ማባዣ» ብለን ስም ብናወጣለት አምስተኛው ይጨመራል። ስለዚህ አንድን ቋንቋ ለጀማሪ ይስማማል አይስማማም ለማለት፣ እነዚህን ስድስት መስመሮች ለመግለጽ ምን ያህል ሌላ ነገር ያስጨምራል ብሎ መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው።

3. ካለፈው ታሪክ ምን እንማራለን?

የመጀመሪያ ቋንቋ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1957 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው ፎርትራን ለሳይንቲስቶችና ለመሐንዲሶች የታሰበ ነበር። በዚያን ዘመን ተማሪው ፕሮግራሙን በካርድ ላይ አስበስቶ ያስረክብና ውጤቱን ለማየት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። አንድ ነጥብ ተሳስቶ ቢሆን እንደገና ሌላ ወረፋ ነው።

በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ይህን አይተው ሳይንስ ለማያጠና ተማሪ ጭምር የሚሆን ቋንቋ አዘጋጁ። ቤዚክ ተባለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራውም ግንቦት 1 ቀን 1964 ነው። ትልቁ ነገር የቋንቋው ቀላልነት ብቻ አልነበረም። ብዙ ተማሪዎች አንዱን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሊጠቀሙበት የሚያስችል ሥርዓትም አብሮ ተሠርቶ ስለነበር፣ ተማሪው ጽፎ ወዲያው መልሱን ያያል፤ ተሳስቶም ከሆነ እዚያው ቁጭ ብሎ ያርማል።

በ1967 ደግሞ ዎሊ ፎይርዛይግ፣ ሲሞር ፓፐርትና ሲንቲያ ሰለሞን ሎጎን ለሕፃናት አዘጋጁ። በሎጎ ልጁ «50 ወደ ፊት ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዙሪ» እያለ ኤሊ የምትባለውን ምልክት ያዛታል፤ እሷም ሥዕል እየሣለች ትሄዳለች። ትእዛዙ ከተሳሳተ ሥዕሉ ይጣመማል፤ ልጁም ስሕተቱን በዐይኑ ያያል። በ1970 የስዊዘርላንዱ ኒክላውስ ቪርት ፓስካልን አወጣ። እሱም በተለይ ሥርዓት ያለው አጻጻፍ ለማስተማር ታስቦ የተሠራ ነው።

ክርክሩም አልቀረም። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 በጻፈው ማስታወሻ በቤዚክ የጀመሩ ተማሪዎችን ከዚያ በኋላ ጥሩ ፕሮግራም ማስተማር የማይቻል ያህል ነው በማለት በብርቱ ነቀፈ። የቀድሞው ቤዚክ «ወደ እገሌ መስመር ዝለል» በሚለው ትእዛዝ ላይ ይመካ ስለነበር ፕሮግራሙ ሲረዝም የተወሳሰበ ክር ይሆን እንደነበር እውነት ነው። ይሁን እንጂ በቤዚክ ጀምረው ኋላ የታወቁ ባለሙያ የሆኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። ክፉ ልማድ ይታረማል፤ ተስፋ ቆርጦ የሄደን ተማሪ ግን ማንም አያርመውም።

ተቋማትም ምርጫቸውን ደጋግመው ለውጠዋል። በአሜሪካ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፈተና በ1984 በፓስካል ተጀመረ፤ በ1999 ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ በ2004 ወደ ጃቫ ተዛወረ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም ለብዙ ዓመታት ስኪም በተባለ ቋንቋ ይሰጠው የነበረውን የመግቢያ ትምህርት በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ፓይተንን በሚጠቀም ተክቶታል። ታዲያ በፓስካል የተማሩት ተማሪዎች እውቀታቸው ከንቱ ሆነ ወይ? አልሆነም። ፓስካል ቢቀርም አምስቱ ሐሳቦች አብረዋቸው ቀርተዋል።

4. የዛሬዎቹ ቋንቋዎች በምሳሌያችን ሲፈተኑ

ሀ) ስክራች። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚዲያ ላቦራቶሪ ተዘጋጅቶ በ2007 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን በተለይ የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበት ሳይሆን ቀለም ያላቸው ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ የሚሠራበት ነው። ሁለት ቁርጥራጮች አብረው ትርጉም የማይሰጡ ከሆነ ቅርጻቸው አይገጥምም። ስለዚህ ልጁ ነጥብ ረስቶ ወይም ፊደል ገድፎ አይቀጣም። የትእዛዞቹን ቋንቋ መምረጥ ስለሚቻል በአማርኛም ማድረግ ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ገና ላልጠነከረላቸው ልጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ደግሞ በ2014 የወጣ ስክራች ጁኒየር የሚባል አለ። ስድስቱ መስመሮቻችን በስክራች ያለ ብዙ ጭማሪ ይሠራሉ። ጉድለቱ ፕሮግራሙ ሲረዝም ቁርጥራጮቹ ስክሪኑን መሙላታቸውና ለማንበብ ማስቸገራቸው ነው።

ለ) ፓይተን። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ያወጣው ነው። ከዚያ በፊት አምስተርዳም ውስጥ ለትምህርት ታስቦ በተሠራው ኤ.ቢ.ሲ. በተባለ ቋንቋ ሥራ ላይ ተሳትፎ ስለነበር የዚያ ግልጽነት በፓይተን ላይ ይታያል። የኛ ስድስት መስመሮች በፓይተን ሲጻፉ ከዘጠኝ መስመር አይበልጡም። የተደጋገሙትን ትእዛዞች ለመለየት ቅንፍ አያስፈልግም፤ መስመሩን ከኅዳጉ ገባ አድርጎ መጻፍ ይበቃል። ይህ ተማሪውን ሳያውቀው ንጹሕ አጻጻፍ ያስለምደዋል፤ ግን ገባ ያለው መስመር እኩል ካልሆነ ቋንቋው አይቀበለውም። በተጨማሪም በ2021 ከወጣው 3.10 ከሚባለው ጀምሮ የስሕተት መልእክቶቹ ይበልጥ ተብራርተዋል፤ ለምሳሌ ያልተዘጋ ቅንፍ ካለ የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል።

ሐ) ሲ። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች የሠራው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ የኮምፒዩተር መሠረታዊ ሥርዓቶች የሚጻፉት በሱ ነው። ነገር ግን ጀማሪው ስድስቱን መስመሮች ከመጻፉ በፊት የእያንዳንዱን ስም ዓይነት ማሳወቅ፣ ሴሚኮለን በየመስመሩ መጨረሻ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ አስለውጦ ማስኬድ ይጠበቅበታል። ከሁሉም የሚከፋው ዝምታው ነው። ከተመደበለት ቦታ ውጭ ያለ ነገር ቢያነብ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው ሳይል ያልሆነ መልስ ይሰጣል። ለሁለተኛ ቋንቋነት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ማሽኑ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ እንደሱ ጥቂት ነው። ብቻውን ለሚጀምር ሰው ግን ይከብዳል።

መ) ጃቫ። በ1995 የወጣ፣ በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ቋንቋ ነው። ለብዙ ዓመታት በጃቫ አንዲት ቃል በስክሪን ላይ ለማሳየት ተማሪው ትርጉማቸው ገና የማይገባውን አምስት ስድስት ቃላት በቅድሚያ መገልበጥ ነበረበት። መምህሩም «ለጊዜው ዝም ብላችሁ ጻፉት፣ ኋላ ይገባችኋል» ከማለት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በ2025 በወጣው ጃቫ 25 ይህ ቀለል ተደርጓል፤ ሆኖም አብዛኞቹ መማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት በቀድሞው አጻጻፍ ነው።

ሠ) ጃቫስክሪፕት። ይህም በ1995 የወጣ ሲሆን ስሙ ቢመሳሰልም ከጃቫ የተለየ ቋንቋ ነው። የድረ ገጽ ማሳያ ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ ምንም ሳይጫን ይሠራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ቁጥርና ጽሑፍ ሲቀላቀሉበት ግን ሳይቃወም ያልታሰበ ውጤት ስለሚሰጥ ጀማሪውን ያደናግራል።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። 4ኛው መስመራችን «ለሁለት ክፈልና ትራፊውን ጣል» ይላል። በሲ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ትራፊው ራሱ ይወድቃል። በፓይተን 3 ግን ተራውን የማካፈያ ምልክት ከተጠቀምን 13 ለ2 ሲካፈል 6.5 ይሆናል፤ ትራፊውን ለመጣል ምልክቱ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። በስክራችም ውጤቱን ወደ ታች የሚያጠጋጋ ቁርጥራጭ መጨመር ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ተማሪ፣ ጎዶሎነትን «ለ2 ሲካፈል ትራፊው 1 ነው ወይ?» ብሎ እየመረመረ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳይናገር 312 በማለት ፈንታ 24 ብሎ ይመልስለታል። ምክንያቱም ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ያሉት 6.5፣ 3.25 እያሉ የሚቀጥሉት ቁጥሮች አንዳቸውም 1 ትራፊ አይሰጡም። እንግዲህ ቀላል የሚባለውም ቋንቋ ቢሆን ከማሰብ ነጻ አያወጣም። በእጁ በወረቀት ሠርቶ 312 መሆኑን ያወቀ ተማሪ ግን 24 ሲያይ ይደነግጣል፤ ይፈልጋል፤ ያገኘዋል። ትምህርት የሚባለውም ያቺ ደቂቃ ናት።

5. መምህሩ ሊጠይቃቸው የሚገባ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የሚማረው ማን ነው? ለ9 ዓመት ልጅና ለ20 ዓመት ሠልጣኝ አንድ ቋንቋ አይመረጥም። ገና ኪቦርድ ላይ ፊደል የሚፈልግ ልጅ መተየብ የሚበዛበት ቋንቋ ቢሰጠው ጊዜው በመተየብ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ምን መሣሪያ አለ? ሁልጊዜ መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ መርጦ ማስተማር ክፍለ ጊዜን ማባከን ነው። ስክራችም ሆነ ፓይተን በነጻ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ በፍላሽ ተገልብጠው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኢስቶኒያ በሚገኘው የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች የተዘጋጀው ቶኒ የሚባለው መጻፊያ ደግሞ ፓይተንን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራሙን አንድ አንድ እርምጃ እያስኬደ የእያንዳንዱ ስም ዋጋ ሲለወጥ ያሳያል። ፓይተን በስልክም ላይ ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሲቸግር ማን ይረዳል? ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በአካባቢው ፓስካልን አብጠርጥሮ የሚያውቅ መምህር ካለና ሌላውን የሚያውቅ ከሌለ፣ በፓስካል መጀመር ምንም ነውር የለውም። ከሩቁ ዝነኛ ቋንቋ ይልቅ የሚጠየቅ ሰው ያለው ቋንቋ ይሻላል።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ውጤት መቼ ይታያል? አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ተማሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ካላየ፣ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚመጣው ስሜቱ ቀዝቅዞ ነው።

አምስተኛ፣ ሲሳሳቱ ቋንቋው ምን ይላል? ጀማሪ ከሚሠራው የሚሳሳተው ይበዛል። ስለዚህ ስሕተቱን የት እንዳለ የሚጠቁም ቋንቋ ሁለተኛ መምህር ማለት ነው።

6. እንግዲያው የኛ ምክር ምንድን ነው?

ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በስክራች መጀመር፣ ለሠልጣኞችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ በፓይተን መጀመር ይመረጣል። ከላይ ያሉት አምስት ጥያቄዎች በአካባቢው ሌላ መልስ ካስገኙ ግን ያንን መከተል ነው።

ኮምፒዩተር ከሌለስ? ያኔም ይጀመራል። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የኮምፒዩተርን ሐሳቦች ያለ ኮምፒዩተር የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተው በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል። በኛ ምሳሌ ሦስት ተማሪዎችን ማስነሣት ይበቃል፤ አንዱ «ግራ»፣ አንዱ «ቀኝ»፣ አንዱ «ድምር» የሚል ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። አራተኛው ትእዛዞቹን እየጠራ ያነብባል። ሦስቱ የተባሉትን ብቻ እየሠሩ ቁጥራቸውን ይለውጣሉ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ ይህን መሥራት ይቻላል።

ፓይተንን ለሚጀምሩ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉን። የመጀመሪያው ስለ አሮጌ መጻሕፍት ነው። ፓይተን 3 የወጣው በ2008 ሲሆን የቀድሞው ፓይተን 2 ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። በቀድሞው አጻጻፍ ፕሪንት ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ቅንፍ ግዴታ አልነበረም፤ በአዲሱ ግዴታ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ የተገለበጠ ፕሮግራም አልሠራ ሲል ተማሪው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ጥፋቱ ግን የመጽሐፉ ዘመን ነው።

ሁለተኛው ስለ ፊደላችን ነው። ፓይተን 3 ስሞችን በግእዝ ፊደል ይቀበላል። ግራ፣ ቀኝ፣ ድምር ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ የቋንቋው የራሱ ትእዛዞች ግን በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፣ ቁጥሮችም በተለመደው 1፣ 2፣ 3 ይጻፋሉ። ታዲያ እኛ በንግግር አንድ የምናደርጋቸው ሀ፣ ሐና ኀ፣ ወይም ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከላይ «ሒሳብ» ብሎ ስም ያወጣ ተማሪ ከታች «ሂሳብ» ብሎ ቢጠራው «እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም» ይለዋል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በሱ መጽናት ያስፈልጋል።

«ሥራ የሚያስገኘውን ልማር» ለሚሉም መልስ አለን። አሳባቸው ተገቢ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ቋንቋ የመጨረሻው አይደለም። ተማሪው ከባዶ ገጽ ተነሥቶ፣ ከመጽሐፍ ሳይገለብጥ፣ ሠላሳ መስመር ያህል የራሱን ፕሮግራም መጻፍና ስሕተቱን ማረም ሲችል ወደፈለገው ቋንቋ መሻገር ይችላል። ከዚያ በፊት መሻገር ግን አይበጅም። አበው ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ። የጀማሪን ልብ የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠው ቋንቋ ክፋት ሳይሆን በየሳምንቱ ቋንቋ መለዋወጡ ነው።

7. ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም በሚጽፍበት ዘመንስ?

ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ በተራ ንግግር ቢጠይቁት ፕሮግራም ጽፎ የሚሰጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በየሰው እጅ ገብቷል። «ታዲያ ለምን እንደክማለን?» የሚሉ ሠልጣኞች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቀደም ሲል ያየነውን 24 እናስታውስ። ፕሮግራሙ ሠራ፤ አላጉረመረመም፤ መልሱ ግን ስሕተት ነበር። ያንን የሚያውቀው ሥራውን በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሌላ የጻፈውን ፕሮግራም አንብቦ «ይህ ልክ ነው፣ ያ ልክ አይደለም» ለማለት አምስቱን ሐሳቦች መያዝ ግድ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ በቀላሉ የሚነበብ ቋንቋ የመምረጥ አስፈላጊነት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ለመምህሩም የሚበጀው ልማድ ተማሪው ፕሮግራሙን ከማስኬዱ በፊት «ምን የሚመልስ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅና ግምቱን በደብተሩ ላይ ማስጻፍ ነው።

ማጠቃለያ

በአጭሩ፣ የመጀመሪያ ቋንቋ የሚመረጠው ስለ ዝናው አይደለም፤ ጀማሪው ሐሳቡን ቶሎ በሥራ ላይ የሚያይበትና ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት በመሆኑ ነው። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ አምስቱ ሐሳቦች እስኪጨበጡ ድረስ በሱ መጽናት ያስፈልጋል። መምህር ይህን ካወቀ፣ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብሎ ሊሄድ የተነሣውን ተማሪ «ቆይ፣ የከበደህ የትኛው መስመር ነው?» ብሎ ማስቀረት ይችላል።

መልመጃ

1. 21 ጊዜ 15ን ከላይ ባየነው ዘዴ በወረቀት ላይ ሥሩ። የትኞቹ መስመሮች ይደመራሉ?

2. 3ኛው ትእዛዝ ከ5ኛው በኋላ እንዲሠራ ብናደርግ፣ ለ13 እና ለ24 ውጤቱ ስንት ይሆናል? 288 ካገኛችሁ በትክክል ተከትላችኋል። ታዲያ 24 ለምን ጎደለ?

3. 4ኛውና 5ኛው ትእዛዝ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ ይለወጣል? 4ኛው ጭራሽ ቢረሳስ ምን ይደርሳል?

4. ልታስተምሩበት የምትችሉትን አንድ ትምህርት ቤት በሐሳባችሁ ያዙና ለአምስቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ስጡ። ከዚያ በኋላ ቋንቋ ምረጡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።